የጆሮ ማሳያው ዋርካ

በዋርካው እምልላችኋለሁ፣ ይህን አታምኑም፤ ያመነ ሰው ከተገኘ ትልቁ ቅርንጫፍ ይውደቅበት። ከእንዝርት አምባ በታች፣ ሁለቱ ጅረቶች ከሚገናኙበት ሜዳ ላይ አንድ ያረጀ ዋርካ አለ፤ ስሙም ጆሮ ማሳያ ይባላል። ከሥሩ ለሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አስቀድሞ የራስ መሸፈኛውን አውልቆ፣ ወዲያና ወዲህ ዞር እያለ ሁለት ጆሮውን ለባለጉዳዮች ያሳያል። ቄሱ እንኳ ጥምጥማቸውን በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው ጆሯቸውን ብቅ ያደርጋሉ። ጆሮውን ላላሳየ ዳኛ ጉዳዩን የሚናገር የለም፤ ከፈለገ እስኪመሽ ይጎለት።

ነገሩ የመጣው ከአንዲት የጭልፊት ጫጩትና ደመላሽ ከተባለ ገበሬ ቂም ነው ይባላል። ደመላሽ ስሙ ነው እንጂ፣ ደም ቀርቶ የተዋሰውን ወንፊት እንኳ መልሶ የማያውቅ ሰው ነበር ይሉታል። ያለው ሀብት ቦራ የሚባል በሬ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ወደ ማሳ ሲገባ መሬቱ ፈርቶ በገዛ እጁ የሚገለበጥለት በሬ። በዚያ ዘመን አምባውን የሚገዛው ምስለኔ አጥናፍሰገድ ከወዴት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው የሚያውቀው ጥምጥሙን ነው፤ ከቅንድቡ እስከ ማጅራቱ የሚወርድ፣ ሲተኛም የማይወልቅ፣ ቢፈታ ለሦስት ሙሽራ ቀሚስ የሚተርፍ ጥምጥም። ችሎት የሚቀመጠውም ከዋርካው ሥር ነበር፤ እጅ መንሻ የያዘ በቀኙ፣ ባዶ እጁን የመጣ በግራው ይቆማል፤ በግራ የቆመ ደግሞ ተረትቶ እንጂ ረትቶ አያውቅም። እመት ወለላ የሚባሉ ባልቴት ጎረቤታቸው የገፋባቸውን ድንበር ለማስመለስ፣ ምርኩዛቸው አልቆ ሌላ ምርኩዝ እስኪቆርጡ ድረስ በዚያ በግራ በኩል ሲጮሁ ኖረዋል።

አንድ ቀን የምስለኔው በቅሎ ገመዷን በጥሳ የጌታዋን ገብስ ጋጠችው። ምስለኔው ግን ገብሴን የበላው ቦራ ነው ብሎ ራሱ ከሰሰ፣ ራሱ ፈረደ። ደመላሽ በግራ ቆሞ፣ በሬው ያን ዕለት ከወንዝ ማዶ ሲያርስ መዋሉን፣ ምስክሩም አገሩ ሁሉ መሆኑን ቢያስረዳ፣ ምስለኔው ፊቱንም ሳያዞር ቦራን እዚያው አሳረደው። ከጮማው ቆርጦ ሊጎርስ ሲል ግን አንዲት ጭልፊት ከዋርካው ላይ ተወርውራ ከከንፈሩ ነጠቀችው። ጠመንጃውን አንስቶ ጣላት። ሥጋውን የከበበውም ሰው አፉን እንደሞላ «እሰይ የኛ ጌታ» አለ።

ሁሉም ጠግቦ ሲበተን ደመላሽ የቦራን ቀንድ ሊወስድ ተመለሰ። ከላይ ጩኸት ሰምቶ ዋርካው ላይ ቢወጣ፣ ከጎጆው ውስጥ ላባ ያላበቀለች ጫጩት፣ ሰውነቷ ሁሉ አፍ ሆኖ፣ ሰማዩን ልትውጥ ተከፍታለች። የእሱን በሬ የበላው፣ የእሷንም እናት የገደለው አንድ ሰው መሆኑ ያን ጊዜ ወለል አለለት፤ በብብቱ ሸጉጦ ሲያወርዳት እንዲህ አላት ይባላል፦

«አንቺ እደጊልኝ እንጂ፣ ደመኛችንስ አንድ ነው።»

ላባ እስክታበቅል ሥጋ እያኘከ አጎረሳት፤ በብርድ ከደረቱ ላይ አስተኛት። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ትልቅ ቅል አምጥቶ የሚስቱን የአንጓችን የክት ነጠላ ጠመጠመበት። ሥጋውን በእጥፋቱ ውስጥ እየወሸቀ፣ «ይኼ ለቦራ፣ ይኼ ለእናትሽ» እያለ፣ ጥምጥሙን በምንቃሯ ካልፈታች ጉርሻ እንደማይገኝ አስተማራት። አበላሏ ጉድ ነበር፤ አይጥ አልቆ የመንደሩ ድመት ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ተሰደደ ይባላል። አንጓችም ለጎረቤት ሁሉ፣ ሰው በሬ ሲሞትበት ወይፈን ይፈልጋል፤ የእኔው ጉድ ለቅል ጥምጥም ያስራል እያለች ስታማው፣ ደመላሽ ነጠላሽን በቀሚስ እክስሻለሁ ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

ክንፏ ሲጠነክር፣ ከዋዜማው ጀምሮ አስርቧት፣ በጋቢው ሥር ደብቆ ችሎት ወረደና ባዶ እጃቸውን ከመጡት መካከል በግራ ቆመ። ምስለኔው የሌላ ድሃ በሬ ሊወርስ አፉን ሲከፍት ደመላሽ ጋቢውን ገለጠ። ጭልፊቷ ብትመለከት፣ በዕድሜዋ አይታው የማታውቀው ትልቅ ቅል ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተወረወረችበት። ዘበኞቹ ጠመንጃ ደገኑ፤ ነገር ግን ያረፈችው በጌታቸው ራስ ላይ ነውና ማን ይተኩስ። ምስለኔው ጥምጥሙን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣

«ደመላሽ፣ ወንድሜ፣ ጥራት! በሬህን እመልስልሃለሁ!» አለ።

«የእኔንስ በሬ በልተውታል፣ ጌታዬ፤ ከየት ይመልሱታል?» አለ ደመላሽ፣ ጋቢውን ቀስ ብሎ እያጣፋ። «እሷ ደግሞ ገና አልበላችም።»

ጥምጥሙ ተፈታ፣ ተፈታ፣ ሜዳውን ዞሮ ተመልሶ መጣ ይላሉ። የመጨረሻው እጥፋት ሲወድቅ ምስለኔው የግራ ጆሮ አልነበረውም። በዚያ ዘመን ደግሞ፣ እንደሚነገረው፣ ጆሮው ከሥሩ የሚቆረጠው የከብት ሌባ ነው። ትልቅ ዝምታ ሆነ።

ከዝምታው በኋላ የሆነውን ወንዙ ያውቃል። ከሁሉ ቀድመው ድንጋይ ያነሱት እነዚያው «እሰይ የኛ ጌታ» ባዮች ናቸው፤ ጭልፊቷም እስከ መሻገሪያው ድረስ ራስ ራሱን እያለች ሸኘችው፤ ሲሸሽ ያየው ደመላሽ አንድ ጊዜም አላፏጨላትም፣ አልጠራትም። የምስለኔውን ጥማድ በሬ ነድቶ ቤቱ ገባ፤ አንጓችም ከጥምጥሙ በተሰፋው ቀሚስ እስክትሞት ድረስ ስትኩራራበት ኖረች።

የዚያች ጭልፊት ዘሮች ዛሬም ዋርካው ላይ ይፈለፈላሉ፤ ከሥሩ የተጠመጠመ ነገር ካዩ አይምሩም ይባላል። የእንዝርት አምባ ባለጉዳይ የዳኛውን ጆሮ ግራና ቀኝ ሳያይ አፉን የማይከፍተው ግን ጭልፊት ፈርቶ አይደለም። በዚያ ዝምታ መካከል እመት ወለላ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ አንገታቸውን አስግገው ካዩ በኋላ ያመለጣቸውን ቃል ስለማይረሳ ነው፦

«ወይ የእኔ ነገር! ለካ ይህን ሁሉ ዘመን የጮኽሁት ጆሮ በሌለበት በኩል ኖሯል!»