የጃርቷ እሾሆችና እናት ኩሬ

ጆሯችሁን ለአንዲት ተረት አበድሩኝ፤ ስጨርስ እመልሳለሁ።

ድሮ፣ አራዊት ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚያወሩበት፣ ቅልና ከበሮ ሲናገሩ ማንም በማይደነግጥበት በዚያ ደግ ዘመን፣ እናት ኩሬ የሚባል ውሃ ነበር። ምን ዓይነት ውሃ መሰላችሁ! ጎሽ ይንቦራጨቅበታል፣ ሚዳቋ መልኳን ታይበታለች፣ ሲመሽ እንቁራሪቶች ይዘፍኑበታል። የአገሩ አራዊት ሁሉ የተወለዱት እዚያው ዳር ነው።

እመት ጃርትም ጉድጓዷን ቆፍራ ከልጆቿ ጋር እዚያው ትኖር ነበር። ይቺ ጃርት አንድ አመል ነበራት። በየዓመቱ በጋው ሲከርር ከጀርባዋ አንድ እሾህ ትነቅልና ውሃው ዳር ጭቃው ላይ ትተክላለች።

"ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?" ሲሏት፣

"ውሃው የት እንደደረሰ ልወቅ ብዬ ነው" ትላለች። ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

አንድ ዓመት ግን ዞር ብላ እሾሆቿን ስታይ ሳቋ ጠፋ። እያንዳንዱ እሾህ ካለፈው ዓመት እሾህ ወደ መሀል ገብቷል። ኩሬው እየሸሸ ነው። በዚሁ ከቀጠለ በሚመጣው በጋ ጠብታ አይገኝም። ከኮረብታው ማዶ የማይደርቅ ወንዝ እንዳለ ታውቃለች፤ መንገዱ ግን በነብር ሰፈር ያልፋል። የጎሾቹ መንጋ ካልከበባት ልጆቿን ይዛ ልትሻገረው አትችልም። ስለዚህ ጉዳዩን ለሸንጎ ማቅረብ ነበረባት።

ሸንጎው የሚሰበሰበው ሾላ ዛፍ ሥር ነው፤ ሰብሳቢው አያ ጎሽ ናቸው። ደንቡም እንዲህ ነው፦ ከሾላው ፈንጠር ብላ አንዲት አንገቷ የተሰበረ ቅል ወድቃለች። ተናጋሪ የሚናገረው የሾላው ጥላ ቅሏን እስኪነካ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እመት ጃርት ከመጀመሪያዋ እሾህ ጀመረች። የነቀለችበትን ሰዓት፣ የጭቃውን መልክ፣ የዚያን ቀን የነፈሰውን ነፋስ፣ አንዲት ሳታስቀር ተናገረች። "ሁለተኛዋ እሾህ ደግሞ..." አለች። "ሦስተኛዋ እሾህ ደግሞ..." አለች። ጅብ አዛጋ። ሚዳቋ ጆሮዋን አከከች። አያ ጎሽ የሰሙ መስለው ራሳቸውን እየነቀነቁ እንቅልፋቸውን ለጠጡት። ልክ "እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት..." ስትል ቅሏ "ነካኝ!" ብላ ጮኸች፤ ሸንጎውም ተበተነ።

በማግስቱ እመት ጦጣ ከበሮዋን አንግታ መጣች። "አንቺ ደግሞ! እንዲህ ደርቀሽ ማን ይሰማሻል? እኔ ልምታ፣ አንቺ እሾህሽን እያንሿሿሽ ተወዛወዢ!"

ከበሮም ሆዱን ነፍቶ፣ "እኔን ከፊት አስቀምጪኝ፣ የቀረውን ለእኔ ተዪው" አላት።

አመነቻቸው። ከበሮው ድም ድም ሲል ሸንጎው ብድግ አለ፤ አቧራው ጨሰ። እመት ጃርት "ኩሬው ሊደርቅ ነው!" ብላ ጮኸች፤ ከበሮው ግን ድምፁን ጨመረ። ጥላው ቅሏን ሲነካ ጅብ ላቡን እየጠረገ፣ "እመት ጃርት፣ ነገም ይደገም!" አላት።

"ስለ ኩሬው ያልኩትን ሰማህ?"

"ስለ ኩሬ ነበር እንዴ?"

ሄዳ ቅሏ አጠገብ ተቀመጠችና አለቀሰች። "ሁለት ጊዜ ተናገርኩ፣ ማንም አልሰማኝም። ልጆቼ በውሃ ጥም ሊያልቁብኝ ነው" አለች።

ቅሏም፣ "እኔን እዚህ የጣለችኝ ውሃ ልትቀዳ የመጣች ሴት ናት" አለች። "ያኔ ውሃው እዚሁ ድረስ መጥቶ አንገቴን ይነካኝ ነበር። አሁን ድምፁን ከሩቅ ነው የምሰማው። ናፈቀኝ።"

እመት ጃርት ደረቁ ሣር ላይ የወደቀችውን ቅል አየቻት፤ ልቧ ተነካ። "ያን ሁሉ እሾህ ስተክል ያላለቀስኩትን አንቺ በሁለት ቃል አስለቀስሽኝ" አለቻት። ከዚያም ብድግ አለች።

በሦስተኛው ቀን ባዶ እጇን ሸንጎው ፊት ቆመች።

"አያ ጎሽ፣ ጥጃ ሳሉ ውሃ የሚጠጡት የት ቆመው ነበር?"

የአያ ጎሽ ፊት በራ። "ከእናቴ ጎን ነዋ! እዚያ ነጩ ድንጋይ ላይ። ውሃው ሆዴ ድረስ ይመጣ ነበር።"

"እስቲ ሄደው ይቁሙበት። አንቺስ ሚዳቋ?"

"እኔ ከወደቀው ግንድ አጠገብ! እህቴ እየገፋች ትጥለኝ ነበር።"

ጅብም የራሱን ቦታ አስታወሰ፣ ጦጣም። እየሳቁ፣ የእናቶቻቸውን ስም እየጠሩ፣ ሁሉም ልጅ ሳሉ ይጠጡበት የነበረው ቦታ ሄደው ቆሙ።

"ቆማችሁ?"

"ቆመናል!"

"እንግዲህ ጎንበስ በሉና ጠጡ።"

አያ ጎሽ ጎንበስ ሲሉ አፍንጫቸው አፈር ነካ። ሳቁ ሁሉ ጸጥ አለ። ውሃው ከፊታቸው ወዲያ ርቆ ያብረቀርቃል።

"ውሃችን የት ሄደ?" አሉ አያ ጎሽ፣ ድምፃቸው እንደ ጥጃ ቀጥኖ።

"እየሸሸ ነው። የሚመጣውን በጋ አያልፍም። ከኮረብታው ማዶ የማይደርቅ ወንዝ አለ፤ ያ በጋ ሳይደርስ አብረን እንሂድ።" ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመረችም።

"በምን እርግጠኛ ሆንሽ?" አለ ጅብ።

ያኔ ወስዳ እሾሆቿን አሳየቻቸው። አንድ በአንድ እያዩ አለፉ፤ የዚያን ቀን ማንም አላዛጋም። ቅሏም ከኋላ፣ "ጥላው ገና አልነካኝም፣ ጠይቋት!" እያለች ትጮህ ነበር።

ሊሄዱ ሲሉ ሁሉም ከእናት ኩሬ ጠጡ። አያ ጎሽ መንገድ ጀምረው ሦስት ጊዜ ተመልሰው አዩት፤ ቢያለቅሱም አላፈሩም። ጎሾቹ ዙሪያውን ሲከቡ የጃርት ልጆች መሀል ገብተው የነብርን ሰፈር በሰላም ተሻገሩ። ቅሏን እናታቸው በጀርባዋ አዘለቻት።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ እመት ጃርት መጀመሪያ ቅሏን ውሃው አንገቷን የሚነካበት ቦታ አስቀመጠቻት። ቀጥላ አንድ እሾህ ነቅላ ዳር ላይ ተከለች። ማንም አልሳቀም። አያ ጎሽ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው እሾሁ አጠገብ አቆሙትና፣ "የቆምክበትን እንዳትረሳ" አሉት።

እንግዲህ እናንተም መርምራችሁ ያገኛችሁትን ለሰው ልትነግሩ ስትነሱ፣ መጀመሪያ ሰሚያችሁ የቆመበት ቦታ ሄዳችሁ ቁሙ፤ እሾሁን ከዚያ በኋላ ሰሚው ራሱ ይጠይቃችኋል። የተበደርኩትን ጆሮ ይኸው መለስኩ፤ ተረቴ ግን እናንተው ጋ ትደር።