የትርንጎ ቂም

በአንድ ወቅት፣ ሐኪም ፈላጊ ሦስት ቀን በእግሩ በሚሄድበት ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። መዳፏና ውስጥ እግሯ መግል ቋጠረ። ሰነባብቶም ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት አብጦ ክንዷን ማንሳት አቃታት።

ጓደኛዋ አንጓች ምንጭ ዳር መዳፏን አየችና እንስራዋን ጥላ ሮጠች። «ትርንጎን ቁምጥና ያዛት!» እያለች መንደሩን አዳረሰች። ከዚያ ወዲያ ከትርንጎ ጋር ውሃ የሚቀዳ ጠፋ።

ወጌሻው አያ ደምለው ደግሞ «አጥንት የገባን ክፉ ነገር እሳት ያወጣዋል» ብሎ ማጭድ አግሎ እብጠቱን ሁለት ጊዜ ተኮሰው። «አይዞሽ ልጄ» እያለ ነበር የተኮሳት። ቁስሉ አመረቀዘ።

አባቷ አቶ ቢሻው ታላቅ እህቷን ሊድር ቀን ቆርጦ ነበር። ሠርጉ እንዳይፈርስበት ትርንጎን ከጓሮ ጎተራ ውስጥ ዘጋባትና ለሙሽራው ወገን «እሷማ ሞታለች» አለ። ልጅቱ የእህቷን ሠርግ ዘፈን በግድግዳ ቀዳዳ ሰማች። ቂሙ ከአጥንቷ የገባው ያን ቀን ነው።

አክስቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ የጎተራውን መዝጊያ በመጥረቢያ ሰብራ፣ በበቅሎ ጭና ከተማ ሐኪም ቤት አደረሰቻት።

ሐኪሙ ብዙ መርምሮ፣ «ቁምጥና አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቆዳንና አጥንትን አብሮ የሚያስቆጣ፣ በአንቺ ዕድሜ ያሉትን አልፎ አልፎ የሚይዝ በሽታ ነው» አላት። ሕመሙ አንዳንዴ እየተመለሰ ቢያስቸግራትም በመድኃኒት ተሻላት።

በሰባተኛው ዓመት መንደሯ ተመልሳ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«በአንጓች፣ በአያ ደምለውና በአባቴ፣ በሦስቱም ላይ ፍረዱልኝ!»

ሽማግሌዎቹ ሦስቱን አስጠርተው ሲመክሩ ውለው፣ «አንዱን ምረጪ። የመረጥሽው ከእንግዲህ እሳት የሚያጭረው፣ ሲሞት የሚቀብረው አይኖርም። ሁለቱን ግን ከልብሽ ይቅር ትያለሽ» አሏት።

አንጓች አለቀሰች። «ልጅ ነበርኩ፤ ፈራሁ።»

አያ ደምለው፣ «ሁሉም ሲሸሽሽ በእጄ የነካሁሽ እኔ ነኝ» አለ።

አባቷ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ሁለት ሴት ልጆች ነበሩኝ። አንዷን እንኳ ላትርፍ ብዬ ነው።»

ትርንጎ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ የሦስቱንም ውድቀት ስታልም ኖራለች። አንዱን መቅጣት አነሰባት፤ ሁለቱን ይቅር ማለት ደግሞ እንደ እሬት መረራት። ቢሆንም እጇን ዘረጋች።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ስሟን ካጠፋችው፣ ሥጋዋን ካቃጠለው፣ በሕይወት ሳለች ሞታለች ካለው፣ ጣቷ በማን ላይ ይረፍ?