የወይራ አፋፍ የጉልበት ድንጋይ

ወይራ አፋፍ ሠርግ ተጠርቶ የሄደ እንግዳ አንድ ነገር ሳይገርመው አይመለስም። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ወደ ዳሱ ሊያመሩ ሲሉ ከበሮው ይቆማል፤ እልልታውም ይቋረጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ባለችው ዝቅተኛ ድንጋይ ላይ የሙሽራው እናት ትቀመጥና ሻሿን ፈትታ፣ ሽበት ይኑራትም አይኑራትም፣ ፀጉሯን ለሰው ሁሉ ታሳያለች። «እናቱ ነኝ» ትላለች። ልጇም ተንበርክኮ ጉልበቷን ይስማል። አብሯት ላረጀ መንደርተኛ እናትነቷን መንገሯ ምን ይባላል የሚል እንግዳ አይጠፋም፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ነገሩ የመጣው ዘርትሁን ከምትባል የቆላ ሴት ነው። ዘርትሁን ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ ያገኘችውን አንድ ልጇን አንዳርጌን፣ ባሏ ሞቶባት፣ ብቻዋን አሳደገች። ሃምሳን ተሻግራም ሠላሳ የሞላት አትመስልም ነበር ይባላል። ገበያ ላይ ጎልማሳ ሲከተላት ለጎረቤቶቿ እየሳቀች ታወራ ነበር፤ ይህን ደግሞ ማን ይጠላል።

አንዳርጌ ለአጨዳ ወደ ወይራ አፋፍ ወጥቶ ሥራውም ጠባዩም ተወደደለትና ትሁኔ የምትባል ልጅ ተዳረችለት። በሠርጉ ቀን ከወገኑ የመጣችው ዘርትሁን ብቻ ነበረች። የሙሽራዪቱ እናት ከዳሱ በር ተቀብላ አገላብጣ ሳመቻትና «መቼም እህቱ ነሽ፤ መልካችሁ አንድ ነው» አለቻት።

ዘርትሁን ሳቀች። «አዎ፣ እህቱ ነኝ» አለች።

ለጨዋታ ነበር፣ ቆይታ ልታርመው አስባ ነበር ይባላል። ነገር ግን ወዲያው ወስደው ከኮረዶቹ መሐል አስቀመጧት፣ አዘፈኗት፣ ሚስት የሞተችበት አንድ ሰውም ማን እንደሆነች ሲጠይቅ ሰማች፤ እንዲህ ደስ ሲላት እውነቱን የምትናገርበት ሰዓት አለፈ። ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት የሚስሙበት ጊዜ ደረሰና «የሙሽራው እናትስ?» ተብሎ ተጠየቀ። አንዳርጌ ወደ እሷ አየ። እሷ አቀረቀረች። «የለችም» አለ ልጁ፤ በፊቷ አልፎም የሚስቱን ወላጆች ጉልበት ሳመ።

ከዚያ ወዲያ ልትጠይቀው በመጣች ቁጥር በሰው ፊት «እትዬ» ይላት ነበር። አንድም ቀን አልወቀሳትም፤ እንዳያሳፍራት ብሎ ነው ይላሉ። እሷም ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ሦስት ዓመት ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት አንዳርጌ ትኩሳት ይዞት በሳምንቱ ሞተ። ዘርትሁን መርዶውን ሰምታ ደረቷን እየደቃች ስትደርስ አልቃሾቹ «እናት የሌለህ፣ እህትህ ብቻ ታልቅስልህ» እያሉ ሙሾ ያወርዱ ነበር። «አለሁ፤ እናቱ እኔ ነኝ» አለች። ማን ይመናት። ኀዘን አእምሮዋን ነካት ብለው አዘኑላት፤ ደግፈውም ከዘመዶቹ ረድፍ አቆሟት። ፊቷን ስትነጭ፣ ፀጉሯን ስትላጭ ያዩ ሴቶች «እህት ማለት እንዲህ ናት» ብለው አመሰገኗት።

በአርባኛው ቀን ለተዝካሩ ስትመለስ ፀጉሯ ጥጥ መስሎ በቅሎ ነበር ይባላል። ፊቷ ተጨማዶ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ባለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማንም አላወቃትም። ከነዳያኑ አንዷ መስላቸው እንጀራ አምጥተው ወጥ ጨለፉላት። ትሁኔ ግን «እህቱ ዛሬ ምነው ቀረች?» እያለች መንገድ መንገዱን ታይ ነበር።

«አልቀረሁም፣ ልጄ» አለች አሮጊቷ።

ትሁኔ በድምፅዋ አወቀቻት። ቀርባም ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየች። «የዚያን ዕለት እውነትሽን ኖሯል» አለች። «ታዲያ በሠርጋችን ቀን እህቱ ነኝ ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ደስ ብሎኝ ነው» አለች ዘርትሁን። እጇንም ጉልበቷ ላይ አድርጋ «እሱ ግን ሳይስመኝ ቀረ» አለች።

ትሁኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበርክካ ጉልበቷን ሳመች፤ አንዴ ስለ ራሷ፣ አንዴ ስለ ባሏ። ያን ያዩት አልቃሾች ተዝካሩን ትተው ለቅሶውን እንደ ገና እንደ ጀመሩት፣ በዚያን ጊዜም እናቱን እየጠሩ እንዳወረዱለት ይነገራል። ዘርትሁን ዓመት ሳይሞላት ሞታ ከልጇ አጠገብ ተቀበረች፤ ድንጋይዋም ከዚያ ወዲህ የጉልበት ድንጋይ ተባለች።

እናቱ የሞተችበት ሙሽራ ድንጋይዋን ራሷን ይስማል፤ ጠርዟ ከመሳም ብዛት አልቆ ለስልሷል። እኔ በሄድኩበት ሠርግ ላይ ግን እናት ነበረች። የሙሽራው ታላቅ እህት ናት ብትባል ሰው ያምን ነበር፤ አጠገቤ የቆመ አንድ እንግዳም ይህንኑ ጮክ ብሎ ተናገረ። ሴትየዋ ፈገግ አላለችም። ሻሿን ፈታች፣ ጥቁር ፀጉሯ ታየ፣ ልጇንም እያየች «እናቱ ነኝ» አለች።