ለአማች የተነከረ መነጽር

አንድ መነጽር ሠሪ አባት ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ጀምሮ ፈንታነሽ የምትባል አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሽማግሌ ተላከ። ጠያቂው ይበልጣል የሚባል አናጺ ነው። ፈንታነሽም ወዳዋለች፤ ያለ አባቷ ፈቃድ ግን ከቤት አትወጣም። አባትየው እንደ ወጉ "ላጣራና መልስ እሰጣለሁ" ብለው የወር ቀጠሮ ሰጡ።

ታዲያ ማንን ጠይቀው ያጣሩ? ዘመድ ይሸፍናል፤ ጎረቤት ይሉኝታ ይይዘዋል። የሰው ሆዱ ደግሞ አይታይም። እናት የሌላትን ልጅ ለክፉ ሰው አሳልፌ ብሰጥስ ብለው እህል አልወርድ አላቸው።

በዚህ መሃል አንድ ደንበኛ ወሬ አመጣላቸው። በሰው ሁሉ ዙሪያ ብርሃን አለ፤ የደጉ ወርቅማ ነው፤ የክፉው ይጠቁራል፤ በቀለም መስታወት ለሚያይ ሰው ይገለጣል አላቸው። አትሳቁ፣ ወገኖቼ። ሴት ልጅ የዳራችሁ አትስቁም።

ሌንስ ማቅለም እንጀራቸው ነው። ሌንሱን ሙቅ ቀለም ውስጥ ነክረው ሰማያዊ መነጽር ሠሩ። እሁድ ልጁን አስጠሩና ከነጩ ግድግዳ ጋር አስቀምጠው አፈጠጡበት። ምን አዩ? ግድግዳ። በሁለተኛው እሁድ ወይን ጠጅ ቀለም ነክረው መጡ። አሁንም ግድግዳ። በሦስተኛው በጣም ከማጥቆራቸው የተነሣ ብርሃኑ ይቅርና ልጁም አልታያቸው አለ። ውሃ ሊያቀርቡለት ሲነሡ ጉልበታቸው ከበርጩማ ጋር ተጋጨ። ይበልጣል በርጩማውን አነሣ፤ ክንዳቸውን ደግፎ አስቀመጣቸው፤ ውሃውን ራሱ ቀድቶ ብርጭቆውን በእጃቸው አስጨበጣቸው።

እሳቸው ግን ይህም እሁድ በከንቱ አለፈ ብለው ተበሳጩ። ብርሃን የሌለው ሰው ልጄን አያገኛትም ብለውም ቆረጡ።

ቀጠሮው ደረሰ። "አልሰጥም" ሊሉ ሲሉ ትልቁ ሽማግሌ ቀደሟቸው። "ከመልስዎ በፊት የልጁን ቃል ይስሙልን። ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ትቶታል። 'የአባቷ ዓይን እየጠፋ ነው' ይላል። 'መነጽራቸው በየሳምንቱ ይጠቁራል፤ አፍረው ለማንም አልተናገሩም። በዚህ ሰዓት ልጃቸውን ከአጠገባቸው አልነጥልም። ቢፈቅዱልኝ ጓሯቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ሠርቼ አብሬያቸው እኖራለሁ' ብሎናል።"

 አባትየው ያደረጉትን ጥቁር መነጽር አውልቀው አለቀሱ።

"ዓይኔስ ደህና ነው" አሉ። "ሳላይ የቀረሁት ግን እውነት ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ግድግዳ አስደግፋችሁ የምትመረምሩት ሰው የለም? ምራታችሁ ትሆናለች፤ የተኳረፋችሁት ወንድም ይሆናል። መነጽራችሁን በወሬ ነክራችሁ አያችሁት፤ አልበቃ ሲላችሁ በቂም አጠቆራችሁት። ሰውየው ምንም ብርሃን የለውም ትላላችሁ። ግን እናንተ እሱን ስትመረምሩ እሱ ስለ እናንተ ይጨነቅ እንደነበር ታውቃላችሁ?

በፍቅር የሚኖር ሰው ብርሃኑን በራሱ ዙሪያ አይሸከመውም፤ ለሌላው ያበራዋል። ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን ሰው "እንዴት ነህ?" በሉት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት። ምናልባት መልሶ የሚጠይቃችሁ ስለ እናንተ ሕመም ይሆናል።