ከእሳት ውስጥ የመጣ ሰላምታ

አንድ ንጉሥ ነበሩ። አገራቸው የሣር ክዳን አገር ስለነበረ እሳት ይፈሩ ነበር፤ ስለዚህም ከአያታቸው የወረሱትን የእሳት አጥፊዎች ጓድ በክብር ያኖሩት ነበር። የጓዱ ሰዎች እርጥብ ቡልኮ ተከናንበው፣ ውኃ በአቁማዳ ተሸክመው፣ ሌላው ሰው በሚሸሽበት በር የሚገቡ ነበሩ።

ሥራው አደገኛ በመሆኑ የጥንቱ የጓዱ አለቃ ደንብ አውጥተውላቸው ነበር። ደንቡ አጭር ነው። ያጠረውም በሚጨስ ቤት ውስጥ ለረጅም ነገር ትንፋሽ ስለማይበቃ ይመስላል። ጭስ ያፈነው፣ ጣሪያ የተደረመሰበት ወይም መውጫው የጠፋው ሰው «ድረሱልኝ!» እያለ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ይህ ቃል ለሌላ ጉዳይ አይውልም፤ ውኃ አነሰ ወይም መሰላል ጠፋ ተብሎ «ድረሱልኝ» አይባልም። ቃሉ የተሰማ እንደሆነ ደጅ ያለው ሁሉ ጸጥ ይላል። ውኃ ቀጂው ዝም ይላል፣ አለቃው ዝም ይላል፣ ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው እንኳ ለቅሶውን ዋጥ ያደርጋል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የታፈነው ሰው ስሙን፣ ያለበትን ቦታና ምን እንደያዘው ይናገራል። መናገር ካቃተው በመጥረቢያው እንጨት ይመታል። ከዚያ በኋላ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

በየእሳቱም ሁለት ሰዎች መጥረቢያቸውን ይዘው ደጅ ይቆሙ ነበር። ውኃ አያቀብሉም፣ እሳት አይነኩም። ሥራቸው ጥሪ መስማትና የጠራውን ማውጣት ብቻ ነበር። ሕዝቡ «ጆሮዎቹ» ይላቸው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የአንድ መኮንን ቤት ተቃጠለና ንጉሡ ሊያዩ ወጡ። አዝማሪም አብሮ ወጣ፤ እሳቱ ባለበት ንጉሡን ማወደስ ጀመረ። ንጉሡን ከአንበሳ ጋር ሊያስተካክል አንድ ቃል ሲቀረው ከውስጥ ጎሹ የሚባል እሳት አጥፊ «ድረሱልኝ! ድረሱልኝ! ድረሱልኝ!» ሲል ጮኸ። አዝማሪው ቆመ። ንጉሡም ሊናገሩ የከፈቱትን አፍ ሳያውቁት ዘጉ። ጆሮዎቹ ግድግዳውን በርግደው ጎሹን እግሩን ይዘው ጎተቱና አወጡት፤ ከቅንድቡ በቀር የጎደለው ነገር አልነበረም።

ንጉሡ ግን ከፍቷቸው ወደ ቤተ መንግሥት ተመለሱ።

«ማነው እኔን ያዘዘኝ?» አሉ።

«ማንም አላዘዘዎትም፣ ጃንሆይ» አሉ አጋፋሪው። እኚህ ሰው የግቢውን የእንግዳ አቀባበልና የሰላምታ ሥርዓት የሚጠብቁ ነበሩ።

«አንድ ሰው ጮኸ፤ እኔ ዝም አልኩ። ይህ ትእዛዝ ካልሆነ ምንድን ነው?»

የሰዋስው መምህር ተጠርተው ተጠየቁ። «ድረሱልኝ» የትእዛዝ አንቀጽ መሆኑን ሳይወዱ በግድ መሰከሩ። ምክር ቤቱ በጣም ደነገጠ። ለስንት ዘመን ጭስ የጠገበ ሁሉ ታላላቆቹን ሲያዝ ኖሯል ማለት ነው። ጎሹ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አደባባይ ቆሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደበት።

«ጥፋትህን አውቀሃል?» አሉት አጋፋሪው።

«አላወቅሁም ጌታዬ» አለ ጎሹ ከድንጋዩ ሥር። «ግን በሕይወት እዚህ ቆሜ ለመጠየቅ በመብቃቴ ደስ ብሎኛል።»

ከዚያም አጋፋሪው የጥሪውን ደንብ አሻሻሉት። እውነት ለመናገር በዚያ አገር ከወጡት ደንቦች ሁሉ ጨዋው ይህ ነበር። አደጋ የደረሰበት ሰው አይጮኽም፤ አስቀድሞ ሰላምታ ያቀርባል። ሰላምታውንም የሚቀበለው ማዕረግ ያለው ሰው እንጂ መጥረቢያ የያዘ ሁሉ አይደለም። «አንተስ?» ሲባል እንደ ጨዋ ልጅ ይመልሳል። የተቀባዩን ቤተሰብና ከብት ደኅንነት ይጠይቃል። ከዚህ በኋላ ጉዳዩን በትእዛዝ ቃል ሳይሆን በልመና ቃል፣ ያውም ጫና በማያሳድር አኳኋን ይገልጻል። ተቀባዩ ሳይፈቅዱ ማንም ከቦታው አይነሣም። እሳት አጥፊዎቹ አዲሱን ደንብ በግቢው ለምለም ሣር ላይ ተቀምጠው ተለማመዱት። ሁሉም በሚገባ ተወጡት፤ ጭስ አልነበረማ።

በዚያው ሰሞን ንጉሡ ጆሮዎቹን አዩና «እነዚህ ምንድን ነው የሚሠሩት?» ብለው ጠየቁ።

«ይሰማሉ፣ ጃንሆይ።»

«መስማትማ እኔም እሰማለሁ» አሉ። እንዲህም ሆኖ ሁለቱ ሰዎች መጥረቢያቸውን በመታጠቂያቸው ሸጉጠው የንጉሡን የሐር ጥላ እንዲይዙ ተመደቡ። ጥላው ትልቅ ስለነበረ በእርግጥም ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ቢረሳው እንምጣ። ቢረሳው ከጓዱ ሁሉ በሥነ ሥርዓት ያደገ ሰው ነበር። እናቱ ሲያሳድጉት ሰላምታ ሳያደርስ ያለፈ ዕለት ራት አይሰጡትም ነበር ይባላል። በሣሩ ላይ በተደረገው ልምምድ አንደኛ የወጣው እሱ ነበር፤ አጋፋሪውም ለሌሎቹ «እንደ ቢረሳው ሁኑ» ይሉ ነበር።

ከበጋ ቀኖች በአንዱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ የቤተ መንግሥቱ ቅቤ ቤት ተያያዘ። የቅቤ እሳት እንደሌላው እሳት አይደለም፤ ይፈሳል፣ ይከተላል። ቢረሳው ገባና ቅቤ ስታነጥር የነበረችውን ሴት በጀርባው ተሸክሞ አወጣ። ሌላ ሰው ቀርቶ እንደሆነ ሊያይ ተመልሶ ሲገባ ቆጡ ተደረመሰ። የቆጡ ወራጅ እንጨት ከነሸክሙ እግሩ ላይ ወደቀ። ቢያነሣው አልነሣ አለ። ቅቤው ከወዲያኛው ጥግ እየነደደ፣ እየፈሰሰ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ቢረሳው የሚያድነው ጥሪው ብቻ እንደሆነ ያውቃል፤ ጥሪው ደግሞ በደንቡ መሠረት ካልቀረበ ማንም እንደማይነሣ ያውቃል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ?» አለ ከጭሱ ውስጥ።

ንጉሡ በጥላቸው ሥር ደጅ ቆመው ይመለከቱ ነበር። አጋፋሪው ከአጠገባቸው ነበሩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን ዋልህ?» አሉ።

እዚህ ላይ ቢረሳው እውነቱን ሊናገር ይችል ነበር። ጥያቄው ተጠይቋል፤ መልሱም እግሩ ላይ ተጋድሟል። ነገር ግን አፉ ከእግሩ ቀደመ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ።

አጋፋሪው ወደ ንጉሡ ዞሩ። «ደህና ነኝ ብሏል፣ ጃንሆይ።»

«ደግ» አሉ ንጉሡ።

ጎሹ የውኃ አቁማዳውን እንደያዘ ጠጋ አለ። «ጌታዬ፣ እየሳለ እኮ ነው ደህና ነኝ ያለው።»

«በዚህ አቧራ የማይስል ማን አለ?»

«ከገባም ቆየ።»

«ስለ ራሱ ከእሱ ይልቅ አንተ ታውቃለህ? ወይስ ድንጋዩ ናፈቀህ?»

ጎሹ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገና ፈቀቅ አለ።

«ልጆች ደህና ናቸው?» አለ ቢረሳው ከውስጥ።

«ደህና ናቸው፣ ይመስገን።»

«እመቤቴስ?»

«ወገቧን ትንሽ ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።»

«እሰይ… እግዜር ይማርልዎ። በቅሎዋስ?»

የበቅሎዋ ነገር የአጋፋሪው የልብ ጉዳይ ነበር። ስለ ኋላ ግራ ሸኮናዋ የሰጡት ማብራሪያ ረጅም ስለሆነ እዚህ አልገባም። ሲጨርሱ ከውስጥ ብዙ ሳል፣ ከሳሉም መካከል «አይዞዎት» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎም ቢረሳው ወደ ጉዳዩ ገባ። ጫና እንዳያሳድር በጣም ተጠንቅቆ፣

«ጌታዬ… ጊዜ ካለዎት… ሥራም ካልያዘዎት… ወደዚህ ጎራ ቢሉልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

አጋፋሪው ልባቸው ተነካ። «ጃንሆይ፣ ጎራ በሉ እያለ ነው።»

«የት?»

«ቅቤ ቤቱ።»

«አሁን?»

«ጊዜ ካለን ነው ያለው።»

ንጉሡ የሚንበለበለውን ደጃፍ አዩ። «ጨዋ ሰው ነው። የማን ልጅ ይሆን? ለዛሬ እንዳልተመቸን ንገረው፤ ለሌላ ቀን እንመጣለን። ቅር እንዳይለው ደግሞ።»

«ለሌላ ቀን ነው!» ሲሉ አጋፋሪው ጮክ አሉ። «ዛሬ አልተመቸንም! ቅር እንዳይልህ!»

«ኧረ… ምንም አይደል» አለ ድምፁ። «እንግዲህ… ለሌላ ቀን።»

ይህ የቢረሳው የመጨረሻ ቃል ሆኖ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ነገር ግን ነፋስ ተነሣና አንዲት ፍንጣሪ ከቅቤ ቤቱ ጣሪያ በረረች። ማዕረግ የማታውቅ ፍንጣሪ ስለነበረች የሐር ጥላው ላይ አረፈች። ሐሩ ቦግ አለና የሚነድ ቁራጩ በንጉሡ ካባ ላይ ወደቀ።

ንጉሡም፣ «ድረሱልኝ! ድረሱልኝ! ድረሱልኝ!» አሉ።

ማንንም እንደምን ዋላችሁ አላሉም። የማንንም በቅሎ አልጠየቁም።

ጎሹ አቁማዳውን አናታቸው ላይ ገለበጠውና የካባው እሳት ጠፋ። ሆኖም ቃሉ ተጠርቷል። የሕዝቡ ምላስ አዲሱን ደንብ ቢማርም ጆሮው የድሮውን አልረሳም ነበርና ደጁ ሁሉ ጸጥ አለ። አዝማሪው ቆመ፣ ውኃ ቀጂዎቹ ቆሙ፣ ጃንሆይም ውኃ እያንጠባጠቡ ዝም አሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከቅቤ ቤቱ የግራ ግድግዳ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ፦ ኳ… ኳ… ኳ… ቢረሳው መናገር ሲያቅተው እጁ የጥንቱን ደንብ አስታውሶ ነበር።

ጆሮዎቹ ተያዩ። ጥላው ስለተቃጠለ ሥራ ፈቶች ሆነዋል። የጥላውን ዘንግ ጥለው መጥረቢያቸውን መዘዙ። ማንም አልፈቀደላቸውም፤ ይህ በኋላ ሲመረመር በግልጽ ተረጋግጧል። የግራውን ግድግዳ በርግደው ወራጁን አንሥተው ቢረሳውን ጎትተው አወጡት። እሱ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ላይ ቅቤው የደረሰው ገና ጎትተው ሳይጨርሱ ነበር።

ምክር ቤቱ እዚያው ደጅ ላይ ተሰበሰበ። አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረበት፦ ጃንሆይ ደንቡን ተላልፈዋልን? የሰዋስው መምህር እንደገና ተጠሩ። «ድረሱልኝ» የትእዛዝ አንቀጽ ስለሆነ፣ ንጉሥ ደግሞ ማዘዝ ስለሚገባቸው፣ ጃንሆይ እርዳታ አልጠየቁም፤ አዘዙ እንጂ ብለው አስረዱ። ሁሉም እፎይ አለ።

ንጉሡ ግን እፎይ አላሉም። የረጠበ ካባቸውን እንደለበሱ ቢረሳው ወደተኛበት ሣር ሄዱ። ያ ሲለማመድበት የነበረው ሣር ነው። ጎንበስ ብለው፣

«እንደምን ነህ?» አሉት።

ሰው ሁሉ መልሱን ስለሚያውቀው ብዙም አልጠበቀም። አንዳንዱ እንዲያውም በልቡ «ይመስገን» ብሎ ጨርሶ ነበር። ቢረሳው አፉን ከፈተ። እግሩን አየ፤ ጎሹን አየ፤ ከዚያ የንጉሡን የተቃጠለ ካባ አየ።

«ደህና አይደለሁም» አለ። «እግሬ ተሰብሯል። ጉሮሮዬ ነዷል። ውኃ ስጡኝ።»

እንዲህ ያለ መልስ በዚያ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም። ንጉሡ ግራ ተጋብተው ወደ አጋፋሪው ዞሩ። «ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል?»

አጋፋሪው ብዙ አሰቡ። የሚያውቁትን ሥርዓት ሁሉ ከላይ እስከ ታች በልባቸው አገላበጡት። «የሚመለስ ቃል የለውም፣ ጃንሆይ» አሉ በመጨረሻ።

ጎሹ ግን ቅል አንሥቶ ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ወደ እሳት የሐር ጥላ ይዞ መሄድ ጥሩ እንዳልሆነ ነው። የቀረው ይህ ነው፦ ሰላምታ የተሠራው ሰው ሰውን እንዲጠይቅበት እንጂ እንዲደበቅበት አይደለም። የተቸገረ ሰው እንዴት መጥራት እንዳለበት ደንብ የምናወጣ ሁሉ፣ አስቀድመን እንዴት እንደምንሰማው ደንብ ብናወጣ ይሻላል። የሚጠራውም ሰው ቢሆን ጣሪያው ሲደረመስ ትሕትናውን ለነገ ያቆየው፤ ለነገ የሚተርፈው ዛሬ ከወጣ ነውና። «ድረሱልኝ» ማለት ማዘዝ አይደለም፣ ነውርም አይደለም። ንጉሡም ካባቸው ሲነድ ያገኙት ቃል ይኸው ነው።

እናንተስ ዛሬ ጠዋት «እንደምን አደራችሁ?» ስትባሉ ምን ብላችሁ መለሳችሁ? ከምታውቋቸውስ መካከል «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ሲላችሁ ሳሉን የሰማችሁት ሰው አለ? ካለ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ለሌላ ቀን ነው?