እመት ጦጣና ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀመጠው መነኩሴ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ስሙ፣ መስማት ዕድሜ አይጠይቅም። ድሮ ድሮ፣ የዛሬው ዋርካ ሁሉ ገና ፍሬ ሳለ፣ ፀሐይ በምትወጣበት በሩቁ አገር የቡድሃን መንገድ የያዘ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበር። በዚያ አገር መነኩሴ አያርስም፣ አይነግድም። ጠዋት ጠዋት ሳህኑን ይዞ በየደጁ ይቆምና የሰጡትን ይቀበላል። የሚበላውም በቀን አንዴ፣ ከቀትር በፊት ነው። ቀትር ካለፈበት ጾሙን ያድራል።

ሽማግሌው ከመብላቱ በፊት ከአንድ ገደል አፋፍ፣ ከዋርካ ሥር ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። "ትንፋሽ ገባ፣ ትንፋሽ ወጣ" እያለ ትንፋሹን ያዳምጣል። ልቡ ኮብልሎ ሲሄድ አይቆጣውም፤ እንደ ጠፋ ጥጃ "ና፣ ና" ብሎ ይመልሰዋል።

ከዋርካው ላይ ደግሞ እመት ጦጣ ትኖራለች። ልጇ ሚጢጢ ከሆዷ ተለጥፎ ነው የሚውለው። እሷ ግን ቀልብ የሚባል አልፈጠረባትም፤ አንዱን ፍሬ ሳትውጥ ሌላውን ትመኛለች።

"ምግብ ፊቱ አስቀምጦ የሚያንቀላፋ ሞኝ አገኘሁ!" አለችና "ዘለልኩ፣ አፈስኩ፣ ሄድኩ!" ብላ ከሳህኑ ሩዝ አፈሰች።

ሽማግሌው አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ "ትንሽ ስላስተረፍሽልኝ ተባረኪ" አላት።

"አባ፣ አይናደዱም እንዴ?"

"ንዴትማ ይመጣል። ሲመጣ አየዋለሁ፣ ሲሄድም አየዋለሁ። ይልቅ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ፣ አብረን እንበላለን።"

"መቀመጥማ መቀመጫው ለተመለጠ ዝንጀሮ ነው!" ብላ እየሳቀች ወጣች። በማግሥቱም ዘለልኩ፣ አፈስኩ፣ ሄድኩ። በሠልስቱም እንዲሁ።

አንድ ቀን የመንደሩ ሴቶች በዓል ነበራቸውና የሽማግሌውን ሳህን በሩዝና በበሰለ ማንጎ ሞሉለት። እመት ጦጣ ይህን አይታ ትለፍ? "ዘለልኩ፣ አፈስኩ፣ ሄድኩ!" አንዱን ማንጎ በቀኝ፣ አንዱን በግራ፣ ሩዙን በጉንጯ። ሳህኑም ተገለበጠ። የጦጣ እናት ርቃ ስትዘል ልጇን በአንድ እጇ ትደግፋለች፤ የዚያን ቀን ግን ትርፍ እጅ አልነበራትም። ሚጢጢ "እማዬ!" ብሎ ተንሸራተተ። እንደ ዕድል ሆኖ ገደሉ ላይ ከተንጠለጠለ የዋርካው ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ።

ማንጎውን ጣለችው። እየጮኸች ከወዲያ ወዲህ ዘለለች። እሷ በዘለለች ቁጥር ደረቁ ቅርንጫፍ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

"አባ! ልጄ አለቀ! ድረሱልኝ!"

"እኔ ዛፍ መውጣት አልችልም፤ ካንቺ ሌላ የለውም" አለ ሽማግሌው በለሆሳስ። "ብትዘልዪ ቅርንጫፉ ይሰበራል። ተቀመጪ ልጄ። ትንፋሽ ገባ፣ ትንፋሽ ወጣ..."

"ልጄ እየሞተ ነው የምቀመጠው?"

"ልጅሽ እንዳይሞት ነው።"

ተቀመጠች። ልቧ ወደ ገደሉ ሮጠ፤ "ና፣ ና" ብላ መለሰችው። ደግሞ ሮጠ፤ ደግማ መለሰችው። እንባዋ እየወረደ እንኳ አልተቆጣችውም። ቀስ በቀስ ሰውነቷ ረጋ፤ ዋርካውም አብሯት ረጋ። ያን ጊዜ ልጇን አየችው። ለካ ሚጢጢ ገደሉን ሳይሆን የእናቱን ፊት ነበር የሚያየው። ስትጮህ ይርዳል፤ ስትረጋ ይረጋል።

"ሚጢጢዬ፣ እኔን እያየህ ቀስ ብለህ ና" አለችው።

እየዳኸ መጣ። እጇን ዘረጋች፣ ያዘችው፣ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ልጇን እንዳቀፈች ወርዳ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች። ሩዙ ተበትኗል፤ ቀትርም አልፏል።

"አባ፣ ጾምዎን አሳደርኩዎ" ብላ አለቀሰች።

"እኔ ዛሬ ጠግቤያለሁ" አለና የሚጢጢን ጀርባ አሻሸለት።

ልጆቼ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የሚባለው፦ ልቡ የባከነ፣ እጁ ሞልቶ ባዶ ሆነ።