ከግቢው ማዶ የተመረቀች ልጅ

አንድ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ "አውቃቸዋለሁ" ብላችሁ እኔን ትተዉና ዘር መቁጠር ትጀምራላችሁ።

እኚህ ሰው በአገራቸው "ምርቃታቸው ይደርሳል" የሚባልላቸው ናቸው። አራስ ቤት ሁሉ ይጠራሉ። አመራረቁን ታውቁታላችሁ አይደል? ሕፃኑን ይታቀፉታል፣ ግንባሩ ላይ እንትፍ እንትፍ ይሉበታል፣ "እደግ፣ ተመንደግ" ይሉታል። በቃ፣ የእናትየው ልብ ያርፋል።

አይናዲስ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ናይሮቢ አግብታ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳትወልድ ቆየች። ዘጠኝ ዓመት! የሰው አፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በአሥረኛው ዓመት ወለደች፤ ያውም ቀኗ ሳይደርስ፣ እፍኝ የማትሞላ ሴት ልጅ። ለአባቷ ደወለች። "አባባ፣ እርስዎ መጥተው ካልመረቁልኝ የወለድኩ አይመስለኝም" አለቻቸው።

እሳቸውስ? እርጉዝ መሆኗን ከሰሙ ጀምሮ ፓስፖርታቸው ከኪሳቸው አልወጣም። ጤና ጣቢያ ሄደው ለመንገድ የሚያስፈልገውን ክትባት ተከተቡ። ነርሷም እንዲህ አለቻቸው፤ "አባቴ፣ ክትባቱ ሁሉንም በሽታ አይከላከልም። ከሚያስል ሰው ራቅ ይበሉ። ሰው በጠጣበት አይጠጡ። ለእርስዎ ጉንፋን የሆነው ለጨቅላ ሕፃን ሞት ሊሆን ይችላል።"

"እሺ ልጄ" አሉ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

አውቶቡስ ተሳፈሩ። አጠገባቸው የተቀመጠው ነጋዴ ከሐዋሳ ጀምሮ ያስላል። መስኮት ሊከፍቱ ሲሉ ከኋላ "ኧረ ብርድ ይመታናል!" የሚል ጩኸት ተነሣ። ትስቃላችሁ? እናንተም እኮ ከጮኹት ውስጥ ነበራችሁ! ወንበር ልቀይር ብለው አሰቡ፤ ይሉኝታ ያዛቸው። "ተጸየፉኝ ይለኛል" አሉ። ጭራሽ ዳቦ ቆሏቸውን አካፈሉት፤ እሱ ከጠጣበት የውሃ ፕላስቲክም ተጎነጩ።

በነጋዴው አትፍረዱበት። በሽማግሌውም አትፍረዱባቸው። ደግነት ነው ያደረጉት። ግን ደግነታችንም አንዳንዴ ዓይኑን መግለጥ አለበት።

በሦስተኛው ቀን ናይሮቢ ደረሱ። ጉሮሯቸው ይከረክራቸዋል፤ ሰውነታቸው ይግላል። የልጃቸው ግቢ በር ተከፈተ። አይናዲስ ያቺን እፍኝ የማትሞላ ልጅ በፎጣ ጠቅልላ እየሮጠች መጣች። "አባባ! ይኸው፣ ይቀበሉኝ!"

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ቁሙልኝ። ሰውየው ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? "የመንገድ አቧራ ነው" ብለው ሳላቸውን መዋጥ ይችሉ ነበር። ማን ያውቅባቸዋል? ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ዓይናቸው ፊት ነው። እጃቸው ተዘርግቷል። ያን ጊዜ ግን የነርሷ ቃል ጆሯቸው ላይ ደወለ።

"አትጠጊኝ!" ብለው ጮኹ።

አይናዲስ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሴት ስለሆነች ነው አባባ?" አለች። ዘጠኝ ዓመት የሰማችው ሐሜት ነው በአፏ የወጣው።

ሽማግሌው ወደ ኋላ ሄደው አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ። በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው አለቀሱ። "ኧረ አይናዲስ፣ ኧረ ልጄ! እሷን ለመታቀፍ ነፍሴን እሰጣለሁ። አሞኛል። ከመንገድ ይዤው መጣሁ። እኔ አስነጥሼ የሚለቀኝ ነገር እሷን ይወስድብሻል። ግቢ፣ በሩን ዝጊው።"

እሷም ገባችላቸው። ከግቢው ማዶ ባለችው የዕቃ ክፍል ፍራሽ ተነጠፈላቸው። ባሏ ሐኪም ጋ ወሰዳቸው፤ ሐኪሙም "ሳሉ ጨርሶ እስኪለቅዎት ከሕፃኗ ይራቁ" አላቸው። ጠዋት ጠዋት አይናዲስ መስኮቱን እንደዘጋች ልጅቷን በመስተዋቱ ታሳያቸዋለች። እሳቸው ከማዶ ቆመው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። "እደጊ! ተመንደጊ! እንትፍታው ይቆየን፤ ምርቃቱ ይድረስሽ!"

ናይሮቢ እንዲቆዩ የተፈቀደላቸው ቀን አለቀ፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም ነበር። ልጅቷን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነኳት ተመለሱ። እስከ ሞያሌ ድረስ አለቀሱ። እኔም ይህን ስሰማ አልቅሻለሁ፤ አልደብቃችሁም።

ከአራት ዓመት በኋላ አይናዲስ ልጇን ይዛ አገሯ ገባች። ሽማግሌው የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ከዘራቸውን ጥለው ወጡ። እጃቸውን ዘርግተው ሲንደረደሩ ያቺ የአራት ዓመት ልጅ በሩ ላይ ቆመች። የሹራቧን እጅጌ አፏ ላይ አድርጋ፣ ሌላውን እጇን እንደ ትራፊክ ዘረጋች።

"አያቴ፣ እዚያው ይቁሙ! ሳል ይዞኛል። እንዳይዝዎት።"

እናቷ ታሪኩን ነግራት ኖሯል። ሽማግሌው ባሉበት ቆሙ። ሳቁም፣ እንባውም ባንድ ላይ መጣ። ከዚያ እንደ ድሮው እጃቸውን አነሡ፤ ልጅቷም ከማዶ "አሜን!" አለች።

እናንተ መንገደኞች፣ እናንተ ዘመድ ጠያቂዎች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሻንጣችሁን ስንት ጊዜ ትመዝናላችሁ? በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤው አይረሳም። ክትባቱስ? ነርሷ የነገረቻችሁስ? ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእናንተ አይደለም? ከሚያስለው ራቅ ስትሉ ሰው ይታዘበኛል ትላላችሁ። ይታዘባችሁ! ትዝብት ሰው አይገድልም።

ስትመለሱስ? ዘመድ ሁሉ ሊስማችሁ በር ላይ ተሰልፏል። ትኩሳታችሁን ትውጡታላችሁ፣ ወይስ "አትጠጉኝ፣ አሞኛል" ትላላችሁ? "አትጠጉኝ" ከሚለው ቃል በላይ ፍቅር ያለበት ቃል የማይገኝበት ቀን አለ። ጌታችን ሳይነካ፣ ከሩቅ ሆኖ በቃሉ የፈወሰ አምላክ አይደለም ወይ? ምርቃት አጥር አያግደውም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁ ዘለው ያቅፏችኋል። ከማቀፋችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ። የሚያስላችሁ ካላችሁ ደግሞ በሩ ላይ ቁሙ፣ እጃችሁን አንሡ፣ ከዚያው ሆናችሁ መርቁ። ልጆቹ "አሜን" ይላሉ። ነገም "አሜን" የሚሉ ልጆች ይኖሯችኋል።